በብርድ ወራት የሣር ሜዳን የሚያጠቃው ቡናማ ክብ

በግቢው ወይም በሕንፃው የጋራ ቦታ የሣር ሜዳ፣ በዕብራይስጡ ደሼ፣ ያለው ሰው በኅዳር ወይም በታኅሣሥ አንድ ማለዳ ወጣ ሲል ከሜዳው መካከል ምጣድ የሚያህል ቢጫ ክብ ያያል። ትናንት የነበረ አይመስለውም። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቆይ ክቡ ይሰፋና የሳሎን ምንጣፍ ያህላል፤ መሐሉ ቡናማ ይሆናል፤ ዳር ዳሩ ደግሞ እሳት የላሰው ይመስል ብርቱካንማ ቀለም ይይዛል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነው። «ሣሩ ውኃ ጠምቶት ነው» ብሎ ውኃ ይጨምራል። ውኃው አልበጅ ሲለው ማዳበሪያ ይበትናል። ሁለቱም በሽታውን መቀለብ ነው።

በሣር ባለሙያዎች ዘንድ ይህ በሽታ «ትልቁ ክብ» ይባላል። የሚያመጣው ራይዞክቶኒያ ሶላኒ የተባለ ፈንገስ ሲሆን የእስራኤል አትክልተኞች በአጭሩ «ሪዞክቶኒያ» ይሉታል። ፈንገስ ማለት ሻጋታና እንጉዳይ የሚመደቡበት ሰፊ ወገን ነው። ይህኛውን ጀርመናዊው የዕፅዋት በሽታ ሊቅ ዩሊየስ ኪውን በ1858 በድንች ላይ አግኝቶ ገልጾታል፤ ሶላኒ የሚለው ስምም የመጣው ድንች ከሚመደብበት ወገን የላቲን ስም ነው። በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በውስጡ ጠባያቸው የተለያየ ብዙ ወገኖች አሉ። አንዱ ድንችን ያጠቃል። ሌላው የአውሮፓን ዓይነት ሣር በሞቃትና በወበቃማ ሌሊት ያደርቃል። እዚህ የሚነገርለት ግን ሙቀት የሚወዱትን ሣሮች የሚይዘው፣ እነሱን የሚይዘውም አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው።

በጎንደርም ሆነ በትግራይ ስንዴና ገብስ ዘርቶ የኖረ ሰው የሰብል በሽታ እንግዳው አይደለም። ዋግን ያውቃል፣ አረማሞንም ያውቃል። ሆኖም የዋግን ጠባይ ይዞ ሪዞክቶኒያን ለመረዳት ቢሞክር ይሳሳታል። ዋግ ዱቄት የመሰለ ዘሩን ለነፋስ ይሰጣል፤ ከማሳ ማሳ፣ ከአገር አገር ይበራል። ሪዞክቶኒያ በነፋስ አይመጣም። ከሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ሆኖ በአፈሩ ገጽና በሞተው ሣር ውስጥ ይኖራል። የማይመቸው ጊዜ ሲመጣ ያው ክር ተጠቅልሎ ደቃቅ፣ ጠንካራ፣ ቡናማ እንክብል ይሆንና ይተኛል። ስለዚህ አንዴ የገባበትን ቦታ አይለቅም፤ ዘንድሮ የታየበት ቦታ ለከርሞም የሚታይበት ቦታ ነው። ከቦታ ወደ ቦታ የሚጓዘው ተጠቅልሎ በሚሸጥ ሣር፣ በማጨጃ ማሽንና በጭቃ ነው። ጎረቤትን «የአንተ ሣር አሳመመብኝ» ብሎ መክሰስ አያዋጣም፤ ሁለቱን ግቢዎች በአንድ ቀን የሚያጭደውን ማሽን ማየት ግን ተገቢ ነው።

ለምን በብርድ?

አገር ቤት ዝናቡም ብርዱም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተያይዘው ይመጣሉ፤ ሣሩም የሚለመልመው ያን ጊዜ ነው። እስራኤል ውስጥ ዝናብ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል፣ ማለትም ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ መግቢያ ነው። የግቢ ሣሮች ግን አብዛኞቹ የሙቀት አገር ዘሮች ስለሆኑ የሚያድጉት በበጋው ነው። ብርድ ሲገባ እድገታቸው ይዘገያል፤ አንዳንዶቹ ጨርሰው ይተኛሉ። ፈንገሱ በተቃራኒው አፈሩ ከ10 እስከ 21 ዲግሪ ሲሆን ይነቃል። ሣሩ ሊተኛ ሲያዛጋ፣ ኋላም በመጋቢት ገና ሲያንጎላጅ ያገኘዋል። በሐምሌ ያው ቁስል ቢደርስበት ሣሩ በሳምንት አዲስ ቅጠል አውጥቶ ይሸፍነው ነበር። በታኅሣሥ ግን የሚተካበት ጉልበት የለውም። እንግዲህ በሽታው የሚበረታው ሁለት ጊዜ ነው፤ በመኸር መውጫና በጸደይ መግቢያ። በመካከሉ ብርዱ ሲጠና ፈንገሱም ጋብ ይላል፤ የበጋው ሙቀት ሲገባ ደግሞ ጨርሶ ይቆማል።

ሁሉም ሣር እኩል አይጠቃም። በየአዲሱ ሰፈር የተነጠፈው ዞይሲያ፣ በተለይም ኤል ቶሮ የሚባለው ዘሩ፣ እንዲሁም ቅጠለ ሰፊው ቡፋሎ በቀላሉ ይያዛሉ። ፓስፓሉምም አይምርም። ኪኩዩ ሣር የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ኢትዮጵያም አንዱ የትውልድ ቦታው ስለሆነች ቅጠሉን አይቶ የሚያውቀው አይጠፋም። እድገቱ ፈጣን ስለሆነ የተጎዳውን ቶሎ ይሸፍናል። ከሁሉ የሚጠነክረው ዕብራይስጡ ያብሊት የሚለው፣ በእኛው አገር ሰርዶ የሚባለው ነው። ገበሬ ከማሳው ነቅሎ የማይጨርሰው ሰርዶ እዚህ በገንዘብ ተገዝቶ ይተከላል። በሽታው ሰርዶንም ይነካዋል፤ ግን በግንቦት ፀሐይ ምልክቱም አይገኝ።

በሽታውን መለየት

ከሩቅ ሲታይ ቡናማ ነገር ሁሉ አንድ ይመስላል። መለየት የሚቻለው በጉልበት ተንበርክኮ ሲያዩት ነው። ጊዜው ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ቢሆን ይመረጣል። የሚታየው ቦታ የክቡ መሐል አይደለም፤ መሐሉ ሥራው ያለቀ ነው። ፈንገሱ የሚሠራው ዳሩ ላይ፣ አረንጓዴውና ቢጫው በሚገናኙበት መስመር ነው። በሽታው በርትቶ እየሰፋ ከሆነ ያ መስመር ብርቱካንማ ይሆናል። መስመሩ ደብዝዞ ገለባ ከመሰለ በሽታው ቆሟል ወይም እየቆመ ነው።

ከዚያ መስመር አንድ ቅጠል በሁለት ጣት ይዞ በቀስታ ወደ ላይ መሳብ ነው። ጤነኛ ሣር አይለቅም፤ ቢበጠስም መካከሉ ላይ ነው። የታመመው ግን እንደ ተቀቀለ ጎመን ከታች ሾልኮ ይወጣል። የወጣው ጫፍ ጠቁሮ፣ ርሶና በስብሶ ይታያል። ቀጥሎ ቅጠሉ ግንዱን እንደ ሰገባ አቅፎ የያዘበትን ታችኛውን ክፍል ማየት ያስፈልጋል። ቀይ ቡናማ ወይም ጥቁር ቡናማ ቁስል እዚያ ይገኛል። ዓይን ለደከመው ሰው የንባብ አጉሊ መነጽር ይበቃል። የቅጠሉ የላይኛው ክፍል ቁስል ሳይኖርበት ይቢጫል፤ ምክንያቱም በሽታው የቆረጠበት ከታች የሚመጣውን ምግብና ውኃ ነው። ይህ ዋና መለያው ነው። ሥሩና መሬት ለመሬት የሚሳበው ግንድ ብዙውን ጊዜ በሕይወት ይኖራሉ፤ ሣሩ ኋላ የሚያገግመውም በእነሱ ነው።

አሁንም ጥርጣሬ ያለው ሰው ከክቡ ዳር የሻይ ብርጭቆ የሚያህል ሣር ከነአፈሩ በቢላ ቆርጦ፣ እርጥብ ወረቀት ጨምሮ፣ በላስቲክ ከረጢት አስሮ ቤት ውስጥ ማሳደር ይችላል። በማግሥቱ ከቅጠሉ ሥር ቀጫጭን ክሮች ከታዩ ፈንገስ መኖሩ ተረጋገጠ። የትኛው ፈንገስ እንደሆነ ግን ይህ ብቻውን አይናገርም። ከቁስሉና ከክቡ ቅርጽ ጋር ተደምሮ ነው የሚፈረደው።

የክቡ ስፋት ሌላው ምስክር ነው። ሲጀምር ከአንድ ሜትር ያነሰ ነው፤ በዓመታት ውስጥ ሦስት ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሁለት ሦስት ክቦች ሲገናኙ ቅርጹ ይጠፋና የደመና ጥላ ይመስላል። አምና የት እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ካለ፣ ዘንድሮም እዚያው ከሆነ፣ ፍርዱ ቀላል ነው።

በሽታው የሚመሳሰላቸው ነገሮች አሉ፤ በጋራ ግቢ ውስጥ ጠብ የሚነሣውም በእነዚህ ነው። የቫዓድ ባይት ስብሰባ ላይ አንዱ የጎረቤቱን ውሻ ይከሳል፤ ሌላው ልጆች ኳስ ተጫውተውበት ነው ይላል፤ ሦስተኛው አትክልተኛው መድኃኒት ደፋበት ብሎ ያማል። የውሻ ሽንት የሚሠራው ክብ ከሰሃን አይበልጥም፤ መሐሉ ደርቆ ዙሪያው ከሌላው ሣር ይልቅ ጠቁሮ ይለመልማል፤ ብርቱካንማ ዳር የለውም። የኳስ ሜዳ ጉዳት ሰው በሚረግጥበት መስመር ይሄዳል እንጂ አይከብም። የፈሰሰ መድኃኒት ወይም ነዳጅ በፈሰሰበት ቅርጽ ይቀራል፤ ከሳምንት ሳምንት አይሰፋም። ነጭ ወፍራም ትል ሥሩን በልቶት ከሆነ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሣል፤ ከሥሩም ትሉ ራሱ ተጠቅልሎ ይገኛል። ሜዳው በሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ዓይነት ገለባማ መልክ ከያዘ ደግሞ በሽታ አይደለም። ዞይሲያ በብርድ ጊዜ እንዲህ ነው የሚተኛው፤ መተው ነው። ሳንቲም ወይም ብርጭቆ አፍ የሚያህሉ ብዙ ትናንሽ ነጠብጣቦች ከሆኑ ሌላ የፈንገስ በሽታ ነው፤ የእሱ ቁስል የሚወጣው ቅጠሉ ላይ ሲሆን መሐሉ ነጣ፣ ዳሩ ቀላ ያለ ነው። ለእሱ መፍትሔው በከፊል የዚህ ተቃራኒ ስለሆነ፣ ማዳበሪያ ያነሰውን ሣር ይወዳልና፣ ሁለቱን ማምታታት ዋጋ ያስከፍላል።

ውኃ

ከመፍትሔው ሁሉ የሚበልጠው ምንም ገንዘብ የማያስወጣው ነው። በእስራኤል አብዛኛው የግቢ ሣር የሚጠጣው በመስኖ ኮምፒውተር በተገናኘ ማምቴራ ነው። ኮምፒውተሩ የሚስተካከለው ሰኔ ላይ፣ ሙቀቱ ሲጠና ነው። ከዚያ ማንም አይነካውም። ጥቅምት አልፎ፣ ዮሬ የሚባለው የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ፣ ማምቴራው ግን በዝናብ ላይ ውኃ ሲረጭ ያድራል። ይህን ያላየ ሰው በእስራኤል ከተማ አልኖረም። በ100 ካሬ ሜትር ሣር ላይ አንድ ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ሲረጭ 500 ሊትር ማለት ነው። ሂሳቡን የሚከፍለው ነዋሪው ነው፤ ውኃውን የሚጠጣው ግን በሽታው ነው።

ስለዚህ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ውኃው ይቀነሳል፤ መሬቱን በደንብ ያራሰ ዝናብ ከጣለ በኋላ ማሽኑ ይዘጋል። ዝናብ ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋ፣ ሣሩ ሲረገጥ ቶሎ ካልተቃና፣ ያን ጊዜ አንድ ቀን ማጠጣት ይበቃል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ምሽት ላይ የተረጨ ውኃ ሌሊቱን ሙሉ ቅጠሉ ላይ ያድራል፤ ፈንገሱ የሚፈልገውም ይኸንኑ ነው። ከንጋቱ በፊት ባሉት ሰዓታት የተረጨ ግን ጤዛውን አጥቦ ፀሐይ ስትወጣ ይደርቃል።

ማምቴራው እኩል እንደማይረጭ ለማወቅ ስድስት ወይም ስምንት ባዶ የቱና ቆርቆሮ በሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ማስቀመጥና ለሩብ ሰዓት መክፈት ነው። ከዚያ በተማሪ ማስመሪያ መለካት። አንዱ 3 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 12 ሚሊ ሜትር ይዞ ከተገኘ፣ ቡናማው ክብ 12ቱ ካለበት አካባቢ ቢሆን አያስደንቅም።

የአፈሩ ዓይነት ነገሩን ያከብደዋል ወይም ያቀለዋል። በሐዴራ፣ በነታንያና በረሖቮት የሚገኘው ቀይ አሸዋማ አፈር ውኃ ቶሎ ያሳልፋል። በአፉላና በዙሪያው ያለው ጥቁር አፈር ግን ጎንደሬ ገበሬ መረሬ የሚለው ዓይነት ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ውኃ ይዞ ይተኛል። የቤር ሼባ አፈር ደግሞ ዝናብ ሲመታው ገጹ ላይ ቅርፊት ይሠራል። ውኃ የሚተኛበት ግቢ ውስጥ ምንም ዓይነት መድኃኒት ቢረጭ በሽታው ይመለሳል። እዚህ ላይ የአገር ቤት ዕውቀት ይሠራል፤ በመረሬ መሬት ጤፍ የዘራ ሰው ፈሰስ ማውጣት ያውቃልና። ከዝናብ በኋላ ውኃ የሚያቁርበትን ቦታ ለይቶ፣ ከሣሩ ዳር ጠባብ ቦይ ቀድዶ፣ በጠጠር ሞልቶ ወደ ዝቅተኛው ቦታ መምራት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ቱቦ ሣሩ ላይ የሚደፋ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ማዞር ይቀድማል።

ማዳበሪያ፣ የሞተ ሣርና ማጨጃ

በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ከሚጻፉት ሦስት ቁጥሮች የመጀመሪያው የናይትሮጂን መጠን ነው። ናይትሮጂን ሣርን ያለመልማል፤ ግን በብርድ መግቢያ ሲሰጥ የሚያወጣው ቅጠል እንደ ሰላጣ ለስላሳ ነው፤ ፈንገሱ ያለ ድካም ይገባበታል። ናይትሮጂን ያለበት ማዳበሪያ ከሴፕቴምበር በኋላ ባይሰጥ ይሻላል። በጸደይም ሣሩ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሳይሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሚያዝያ ሳይጋመስ፣ አይጀመርም። የዶሮ ኩስ ከዚህ ሕግ ነፃ የሚመስላቸው አሉ፤ «ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» ይላሉ። የዶሮ ኩስ በናይትሮጂን ከታወቁት ፍጎች አንዱ ነው። ለጎመኑ መደብ ይሁን፤ በኅዳር ለሣር አይሆንም።

በአረንጓዴው ሣርና በአፈሩ መካከል የሚጠራቀም ቡናማ፣ ስፖንጅ የመሰለ የሞተ ግንድና ሥር ንጣፍ አለ። ፈንገሱ በጋውን የሚያሳልፈው እዚያ ነው። እንደ ኬክ ቁራሽ በቢላ ቆርጦ አውጥቶ ማየት ይቻላል። ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ከወፈረ በዝቷል። ይህን ንጣፍ በመቧጠጫ ወይም በኪራይ ማሽን ማውጣት፣ ጠንካራ መሬትንም ቀዳዶ አየር ማስገባት የበጋ መግቢያ ሥራ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ሣሩ ቶሎ የሚድንበት ጊዜ ነውና። በሽታው በሚሠራበት ወር ሣሩን መቧጠጥ ቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው።

በብርድ ወራት የሚታጨድ ከሆነ ሣሩ ደረቅ ሳለ፣ ጤነኛው ቦታ በቅድሚያ፣ የታመመው መጨረሻ ይታጨዳል። ከታመመው ቦታ የታጨደው በከረጢት ተሰብስቦ ይወገዳል፤ ማሽኑም ከሥሩ ታጥቦ ይደርቃል። አጭዶ መላጨት አይጠቅምም። ዞይሲያ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ቡፋሎ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቢቀር ደህና ነው፤ በአንድ ጊዜም ከቁመቱ ከሲሶ በላይ መቁረጥ አይገባም። በየሕንፃው የሚዞር አትክልተኛ ማሽኑን ሳያጥብ ከግቢ ግቢ የሚሄድ ከሆነ ነዋሪዎች በትሕትና ቢጠይቁት ነውር የለውም። እሱም ቢሆን የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ፈንገስ መድኃኒት

እዚህ ብዙ ገንዘብ ያለ ጥቅም ይወጣል። ክቡ ከታየ፣ ቡናማ ከሆነ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት የሞተውን ቅጠል አረንጓዴ አያደርገውም። ቢበዛ መስፋቱን ይገታል። መድኃኒት በእውነት የሚሠራው አስቀድሞ፣ ፈንገሱ ሊነቃ ሲል ነው። ጊዜውን የሚያውቀው ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ቴርሞሜትር ነው። የወጥ ቤት የሥጋ ቴርሞሜትር፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚውል፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ይተከላል። ሙቀቱ ለተከታታይ ቀናት ወደ 21 ዲግሪ ሲወርድ ጊዜው ደርሷል። በኢየሩሳሌም ተራሮችና በገሊላ ይህ ቀደም ይላል፤ በባሕሩ ዳር ዘግየት ይላል። በግምት ለሚሄድ ሰው በዳስ በዓልና በስግድ መካከል ያሉት ሳምንታት ቴርሞሜትሩን የሚያዩባቸው ናቸው። እንደ ተባባሰነቱ ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ሁለተኛ ዙር ሊያስፈልግ ይችላል።

ሜዳውን በሙሉ መርጨት ግን አያስፈልግም። ፈንገሱ ወደ ቦታው የሚመለስ ስለሆነ ክቦቹ በሚታዩበት ጊዜ በስልክ ፎቶ ማንሣት ወይም በወረቀት ላይ ከአጥሩና ከዛፉ ያላቸውን ርቀት በእርምጃ ለክቶ መጻፍ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያ ቦታዎችና በዙሪያቸው አንድ ሜትር ያህል ብቻ ይረጫሉ። ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል፤ መርዙም እንዲሁ።

በዚህ በሽታ ላይ እንደሚሠሩ ከሚታወቁት ውስጥ አዞክሲስትሮቢንና ቴቡኮናዞል የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ይገኙበታል። ሁለቱ የሚሠሩበት መንገድ ይለያያል። አንዱን ብቻ ከዓመት ዓመት መደጋገም ፈንገሱን ስለሚያለማምደው ማፈራረቅ ይገባል። በእስራኤል ለሽያጭ የሚቀርብ የዕፅዋት መድኃኒት በእርሻ ሚኒስቴር ሥር ባለው የዕፅዋት ጥበቃ አገልግሎት የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ምዝገባውም፣ መጠኑም፣ ለየትኛው ተክል እንደተፈቀደም በመለያው ላይ በዕብራይስጥ ተጽፏል። ለቲማቲም የተፈቀደ ሁሉ ለሣር አልተፈቀደም። ጽሑፉ ደቃቅና ዕብራይስጡ ከባድ ስለሆነ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብበው። ሚሽታላ ውስጥ ያለ ሻጭ በቃል የነገረው በመለያው ላይ ካለው አይበልጥም። የታመመውን ሣር ቁራሽ በላስቲክ ይዞ ሄዶ ማሳየት ግን «ቢጫ ሆነብኝ» ብሎ ከመናገር ይሻላል።

የጋራ ግቢ ሲሆን ርጭቱ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ቢሰጥ ይመረጣል። ለነዋሪዎችም ከቀኑ በፊት ማስታወቂያ መለጠፍ፣ ልጆችና እንስሳት በመለያው ላይ የተጻፈው ጊዜ እስኪያልፍና ሣሩ እስኪደርቅ እንዳይገቡ ማድረግ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ደጋግሞ መናገር ይገባል፤ የተረፈ መድኃኒት በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥም። በየቤቱ የሚያጋጥመው አደጋ ከሣሩ ላይ ሳይሆን ከዚያ ጠርሙስ ነው። ሰው ቢጠጣው ወይም ዓይኑ ውስጥ ቢገባ ወደ 101 ተደውሎ ዕቃው ከነመለያው ይያዛል። በሐይፋ ራምባም ሆስፒታል ያለው የመርዝ መረጃ ማዕከልም ቀንና ሌሊት ምክር ይሰጣል።

እስከ ሰኔ መጠበቅ

በመጋቢት ሜዳው በጣም አስቀያሚ ይሆናል። ሌላው ሣር አረንጓዴ ሲሆን ክቦቹ ገለባ ሆነው ይቀራሉ፤ በባዶው ቦታም የክረምት አረም ይበቅልባቸዋል። አዲስ የሣር ጥቅልል እንዲነጠፍ የሚመከረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ወቅት ነው፤ ለፋሲካ ቤቱም ግቢውም እንዲያምር ሁሉም ይፈልጋልና። ይህ ችኮላ ነው። ፈንገሱ ገና ንቁ በሆነበት አፈር ላይ የሚነጠፍ አዲስ ሣር ለታማሚ አልጋ አንሶላ እንደመለወጥ ነው፤ ሥር ሳይሰድ ይያዛል። አሮጌው ሣር ደግሞ ላዩ ቢሞትም ታቹ አልሞተ ይሆናል።

ለማወቅ ከክቡ መሐል ትንሽ ቆፍሮ መሬት ለመሬት የሚሄደውን ግንድ ማየት ነው። በጥፍር ሲላጥ ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው። ተሰባሪ፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል። ሕያው ከሆነ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ኪኩዩና ሰርዶ በግንቦት ክቡን ይዘጉታል። ቡፋሎ እስከ ሰኔ ይወስዳል። ዞይሲያ ዝግተኛ ነው፤ ትልቅ ክብ ከሆነ በጋውን አጋምሶ ሊዘጋ ይችላል፤ እስከዚያ አረሙን በእጅ መንቀል ይበጃል።

ሞቶ ከተገኘም ከጤነኛው ዳር መዳፍ የሚያህሉ ቁራሾችን ከነሥራቸው ቆርጦ፣ በሰኔ መግቢያ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ መትከል ይቻላል። መጀመሪያ የበሰበሰው ንጣፍ ይጠረጋል፤ አፈሩ ይኮተኮታል፤ ውኃ የሚተኛበት ጎድጓዳ ከሆነ በአሸዋማ አፈር ተሞልቶ ከአካባቢው ጋር እኩል ይደረጋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጠጣል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ግን ርቆ፣ ጠለቅ ብሎ። ኤል ቶሮን በሰርዶ መተካት የሚፈልግም ይህ ወር ጥሩ ጊዜው ነው፤ ሰርዶ ግን ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በሕንፃ ጥላ ሥር ሳስቶ ይቀራል።